የመራጭ ግንዛቤና የምርጫ ተሳትፎ በኢትዮጵያ

የመራጭ ግንዛቤ ማለት አንድ ዜጋ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ ስለ ምርጫው ሥርዓት፣ ስለ ተወዳዳሪ ዕጩዎችና ፓርቲዎች እንዲሁም ድምፁ ሊያስከትል ስለሚችለው ነገር ያለው ዕውቀት ነው። ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ዋና ክርክር በቂ ግንዛቤ የሌላቸው ሰዎች ወጥተው እንዲመርጡ መቀስቀስ የዴሞክራሲን ውጤት ያሻሽላል ወይስ ያበላሻል የሚለው ነው። ጥያቄው በፖለቲካ ፍልስፍና ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ከ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ጀምሮ በተለያየ መልክ ሲነሣ ቆይቷል።

በኢትዮጵያ የተሳትፎ መጠን ከፍ ያለባቸው ምርጫዎች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላስገኙም። የ1997፣ የ2002 እና የ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች ሦስቱም ብዙ ሕዝብ የወጣባቸው ነበሩ፤ መራጩ የነበረው አማራጭና ያገኘው መረጃ ግን እጅግ የተለያየ ነበር። ስለዚህ የአገሪቱ ታሪክ የመራጩን ቁጥር፣ የመራጩን ግንዛቤና የአማራጭ መኖርን ለያይቶ ለማየት ይጠቅማል።

የግንዛቤ ዓይነቶች

«ግንዛቤ የሌለው መራጭ» የሚለው አባባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል።

የመጀመሪያው የሥርዓት ግንዛቤ ነው። መራጩ የት እንደሚመዘገብ፣ በወረቀቱ ላይ ምልክት የት እንደሚያደርግ፣ ድምፁ ምስጢር መሆኑንና ወረቀቱ በምን ምክንያት ዋጋ ሊያጣ እንደሚችል ማወቁ ነው። ለምሳሌ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው አንድ ሰው ሲሆን፣ ለክልል ምክር ቤት ግን በአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ መቀመጫ ሊኖር ይችላል። ይህን ልዩነት ያልተረዳ መራጭ ሐሳቡ ግልጽ ሆኖ ሳለ ድምፁ ሊበላሽበት ይችላል።

ሁለተኛው የአማራጭ ግንዛቤ ነው። ይህም ማን እንደሚወዳደር፣ እያንዳንዱ ፓርቲ ስለ መሬት፣ ስለ ግብር፣ ስለ አስተዳደር ምን እንደሚል፣ በሥልጣን ላይ ያለውም ምን እንደ ሠራ ማወቅ ነው።

ሦስተኛው የኑሮ ግንዛቤ ነው። ገበሬው የማዳበሪያ ዋጋ መናሩን፣ እናት ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንደሌለው፣ ነጋዴው መንገዱ መዘጋቱን የሚያውቁት ከማንም ጋዜጣ ሳይሆን ከራሳቸው ኑሮ ነው። ስለ ፓርቲ ፕሮግራም ምንም የማያውቅ ሰው በዚህ ሦስተኛው ዘርፍ ከተማረው ሰው የበለጠ ሊያውቅ ይችላል። በክርክሩ ውስጥ ያሉ ብዙ አለመግባባቶች የሚመነጩት አንዱ ወገን ሁለተኛውን፣ ሌላው ወገን ሦስተኛውን ዕውቀት በማሰብ ስለሚናገር ነው።

የንድፈ ሐሳብ ክርክር

መቀስቀስን የሚቃወሙ

የጥንታዊቷ ግሪክ ፈላስፋ ፕላቶ አገርን በመርከብ መስሎ፣ የባሕር ጉዞ ዕውቀት የሌላቸው መርከበኞች መሪውን ለመያዝ ሲሻሙ መርከቧ አደጋ ላይ እንደምትወድቅ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመው ስለ ውክልና መንግሥት በሚያትተው መጽሐፉ፣ ማንበብ፣ መጻፍና ቀላል ሒሳብ የማይችል ሰው ድምፅ ሊሰጥ አይገባም፤ የተማረው ደግሞ ከአንድ በላይ ድምፅ ይኑረው ብሏል። ሆኖም ይኸው ጸሐፊ ትምህርቱ ለሁሉም ሊደርስ እንደሚገባና ምርጫ ራሱ ዜጋን የሚያስተምር መድረክ መሆኑን አጥብቆ ተናግሯል።

በዘመናችን አሜሪካዊው ፈላስፋ ጄሰን ብሬነን የመምረጥ መብት በዘፈቀደ ለመምረጥ ፈቃድ አይሆንም በማለት፣ ያላወቀ ሰው ድምፅ ከመስጠት ቢታቀብ ይሻላል የሚል አቋም አራምዷል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ብራያን ካፕላን በበኩሉ የመራጮች ስሕተት በአጋጣሚ የሚጣፋ ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ተከራክሯል።

አንቶኒ ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ መራጭ ለምን ሳያውቅ እንደሚቀር ያስረዳል። የአንድ ሰው ድምፅ ከሚሊዮኖች መካከል ውጤቱን የመለወጥ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለ ፓርቲዎች ለማወቅ ግን ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሳያውቁ መቅረት ስንፍና ሳይሆን ስሌት ሊሆን ይችላል።

መቀስቀስን የሚደግፉ

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ያቀረበው ስሌት ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከሁለት አማራጮች አንዱ ትክክል ነው ቢባልና እያንዳንዱ መራጭ በራሱ አስቦ ትክክለኛውን የመምረጥ ዕድሉ 60 በመቶ ቢሆን፣ የ101 ሰዎች አብላጫ ድምፅ ትክክል የመሆን ዕድሉ 98 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የእያንዳንዱ ዕድል 40 በመቶ ከሆነ ግን አብላጫው ትክክል የሚሆነው በ2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር የመራጭ ቁጥር ብቻውን ውጤትን እንደማያሻሽልና እንደማያበላሽ ነው። ቁጥር የሚያደርገው አስቀድሞ ያለውን ዝንባሌ ማጉላት ነው። በተጨማሪም ስሌቱ የሚሠራው መራጮች በየራሳቸው ሲወስኑ እንጂ አንድ ሰው ያላቸውን ሁሉም ሲደግሙ አይደለም።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ መራጭ ዝርዝሩን ባያውቅም በአቋራጭ መንገድ ተገቢ ውሳኔ ላይ ሊደርስ እንደሚችል አሳይተዋል። አርተር ሉፒያ እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ስለ መድን ሕግ በተሰጠ ድምፅ ላይ ባደረገው ጥናት፣ የረቂቆቹን ይዘት ሳያውቁ የመድን ኩባንያዎች የትኛውን እንደሚደግፉ ብቻ ያወቁ መራጮች በደንብ ከተረዱት ጋር ተቀራራቢ ውሳኔ መስጠታቸውን አግኝቷል። በገጠር ኢትዮጵያ የአገር ሽማግሌ፣ የተማረ ልጅ ወይም የታመነ መምህር አስተያየት ተመሳሳይ ሚና ይጫወታል። አቋራጩ የሚጠቅመው ግን አማካሪው ነጻና ታማኝ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

የመብት ተከራካሪዎች በበኩላቸው ጉዳዩ ከውጤት በፊት የእኩልነት ጥያቄ ነው ይላሉ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ለመራጭነት ይሰጥ የነበረው የማንበብ ፈተና በተግባር ጥቁሮችን ከምርጫ ለማስወጣት ያገለገለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ይህን አሠራር ለማስቀረት መሠረት ሆኗል። አላዋቂውን ለመለየት የሚዘጋጅ ፈተና ሁሉ ፈታኙ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያስከትላል።

ታሪክ በኢትዮጵያ

ከ1923 እስከ 1966 ዓ.ም.

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1923 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት እንዲመርጡለት ተደነገገ። በዚህ መንገድ የሕዝቡ አለመብቃት ለጊዜው ከምርጫ ውጭ መሆኑ ሕጋዊ ምክንያት ሆኖ ተቀመጠ። ይሁን እንጂ የብቃቱ መለኪያ ምን እንደሆነና ማን እንደሚወስነው አልተገለጸም። ጊዜያዊ የተባለው አሠራርም በሕግ ደረጃ እስከ 1948 ዓ.ም. ሳይለወጥ ቆየ።

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላቸው ኢትዮጵያውያን፣ ለሴቶችም ጭምር፣ የመምረጥ መብት ሰጠ። የማንበብና የመጻፍ ፈተና ለመራጭ አልተጠየቀም። ለመመረጥ ግን የንብረት መጠን ተወሰነ፤ ዕጩው ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይፈለግ ነበር። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ መምህርትና ደራሲ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ መራጩ ዕጩዎችን የሚለየው በፕሮግራም ሳይሆን በግለሰቡ ዝና፣ በትውልድና በሀብት ነበር። ስለዚህ ስለ አማራጭ ማወቅ የሚቻለው ነገር ራሱ ጥቂት ነበር።

በደርግ ዘመን

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። በ1978 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በብዛት ታትሞ በቀበሌዎችና በገበሬ ማኅበራት ውይይት ተካሄደበት። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በይፋ እንደ ተገለጸው ከተመዘገቡት 96 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጥተዋል፤ ከእነዚህም 81 በመቶ ያህሉ ረቂቁን ደግፈዋል። በዚያው ዓመት 835 አባላት ላሉት ብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ ግን ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ውጭ የሚወዳደር ፓርቲ አልነበረም። ይህ ወቅት ሰፊ ቅስቀሳና ሰፊ ውይይት እያለ አማራጭ በሌለበት ምን እንደሚፈጠር ያሳያል።

ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በሌላ አቋም ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የመምረጫ ዕድሜም 18 ዓመት ሆነ። ትምህርት መለኪያ አይደለም። ምርጫ ግዴታም አይደለም፤ ሰው ላለመምረጥ ነጻ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው አጠቃላይ ምርጫ በግንዛቤ ረገድ ልዩ ቦታ አለው። ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚዎች ተወካዮች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት ተከራከሩ። መሬት የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል፣ ፌደራሊዝሙ እንዴት ይዋቀር፣ ወደብ የሚሉት ጉዳዮች በየቡና ቤቱና በየገበያው መነጋገሪያ ሆኑ። ሚያዝያ 30 ቀን በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተገኘበት የተቃዋሚዎች ሰልፍ ተካሄደ። ፊደል ለማይለዩ መራጮች የምርጫ ምልክቶች ዋና መለያ ሆኑ፤ የኢሕአዴግ ንብና የቅንጅት ሁለት ጣት በልጆች ዘንድ ሳይቀር የታወቁ ነበሩ። ከተመዘገቡት ከ25 ሚሊዮን በላይ መራጮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጡ። ቅንጅት በአዲስ አበባ የነበሩትን 23 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ሲያሸንፍ፣ ተቃዋሚዎች በአጠቃላይ ከ170 በላይ መቀመጫ አገኙ።

ከምርጫው በኋላ በውጤቱ ላይ በተነሣው ውዝግብ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ግጭት ተከሰተ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋግጧል። በዚህ ምክንያት ምርጫው ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶችን ትቶ አልፏል። ብዙዎች ትምህርት ያልዳረሰው ገጠሬ እንኳ አማራጭና ክርክር ሲቀርብለት ለይቶ መምረጥ እንደሚችል የታየበት ነው ይሉታል። ሌሎች ደግሞ የመራጩ ግንዛቤ ብቻውን፣ ውጤቱን ሁሉም ወገን አምኖ የሚቀበለው ተቋም ከሌለ፣ ዴሞክራሲን እንደማያጸና ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. እና ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በተካሄዱት ምርጫዎች የተሳትፎ መጠኑ 93 በመቶ ገደማ መሆኑ በምርጫ ቦርድ ተገልጿል። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ዓ.ም. ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም አሸነፉ። በዚህ ወቅት አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀትና የቀበሌ መዋቅሩ ሰውን አስመዝግቦ ወደ ጣቢያ በማውጣት ረገድ ትልቅ ሚና ነበራቸው። ደጋፊዎች ይህን የልማት ሥራው ያስገኘው ተሳትፎ ሲሉት፣ ተቺዎች ቀስቃሹ፣ የማዳበሪያ አከፋፋዩና የመንግሥት ሹሙ አንድ ሰው በሆነበት ቦታ መውጣት ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል ብለዋል።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አጠቃላይ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። በትግራይ ምርጫ አልተካሄደም፤ በጸጥታና በሌሎች ምክንያቶች በርካታ የምርጫ ክልሎችም በዕለቱ ድምፅ አልሰጡም። በመጀመሪያው ዙር ውጤት ብልጽግና ፓርቲ ከ436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸንፏል።

የምዕራብ ጎንደር ቆላ

የግንዛቤና የተሳትፎ ጥያቄ በተጨባጭ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ የምዕራብ ጎንደር ዞን ነው። ዞኑ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ሲከፈል የተቋቋመ ሲሆን፣ መተማን፣ ቋራንና ምዕራብ አርማጭሆን ያካትታል። ሸሕዲ፣ በሌላ ስሟ ገንዳ ውኃ፣ ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች፤ መንገዱ በመተማ ዮሐንስ በኩል ወደ ሱዳኗ ገላባት ይሻገራል። አካባቢው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ይታወቃል። ነዋሪው አማራን፣ ቅማንትንና ጉሙዝን እንዲሁም ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩትን ያቀፈ ነው።

የአካባቢው የመጀመሪያ ልዩ ችግር የወቅት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። በየክረምቱ ከደጋው ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወሩ በቆላው የሚከርሙት በአካባቢው ሳሉግ ይባላሉ። በምርጫ ሕጉ መሠረት መራጭ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ድምፅ የሚሰጠውም በተመዘገቡበት ጣቢያ ነው። የአገሪቱ ምርጫ የሚውለው በግንቦት ወይም በሰኔ ስለሆነ፣ በትውልድ ቀበሌው ካርድ የወሰደ ሠራተኛ የምርጫው ዕለት የእርሻ ካምፕ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ውጣና ምረጥ» ብሎ መቀስቀስ ብቻውን ፋይዳ የለውም። የሚያስፈልገው መቼ፣ የት እንደሚመዘገብና መንገድ ከመጀመሩ በፊት ምን ማሰብ እንዳለበት ማወቅ ነው።

ሁለተኛው የኑሮ ግንዛቤ ከአማራጭ ግንዛቤ ጋር ያለመገናኘቱ ጉዳይ ነው። የቆላው ሰው ወባና ካላዛር ምን ያህል ሰው እንደሚጎዱ፣ የሰሊጥ ዋጋ ሲወድቅ ብድር እንዴት እንደሚያስጨንቅ፣ ድንበሩ ሲዘጋ ገበያው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ጠንቅቆ ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ሲያርሱት የነበረውን የአልፋሽጋ መሬት ሲቆጣጠርና ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ሲገቡ ነገሩን በቅርብ ያየው እሱ ነው። እነዚህ ሁሉ የፖሊሲ ጉዳዮች ናቸው። መራጩ የሚጎድለው ስለ እነዚህ የትኛው ዕጩ ምን እንደሚል የሚሰማበት መድረክ ነው።

ሦስተኛው ከሕዝበ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በቀድሞው ሰሜን ጎንደር ስምንት ቀበሌዎች በነባሩ አስተዳደር ይቀጥሉ ወይስ በቅማንት የራስ አስተዳደር ሥር ይሁኑ በሚለው ላይ ነዋሪዎች ድምፅ ሰጡ። ሰባቱ በነባሩ አስተዳደር መቀጠልን፣ አንዱ፣ ኳበር ሎምዬ፣ የቅማንት አስተዳደርን መረጡ። ጥያቄው አንድና ለኑሮ የቀረበ ስለነበር የመራጩ ግንዛቤ ማነስ ዋና ችግር አልነበረም። ያም ሆኖ ድምፁ አለመግባባቱን አልዘጋውም፤ በቀጣዮቹ ዓመታት በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር ግጭቶች ተከስተው ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ድምፅ መስጠት ውሳኔን ሊያሳውቅ ይችላል፤ ተሸናፊው ወገን ውጤቱን እንዲቀበል የሚያደርገው ግን ከድምፁ በፊትና በኋላ የሚሠራ ሌላ ሥራ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ሱዳን። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 በተካሄደው የሱዳን ምርጫ አንድ መራጭ በሰሜን 8፣ በደቡብ ደግሞ 12 የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን መሙላት ነበረበት። ማንበብ የማይችል ብዙ መራጭ ባለበት አገር ይህ የሥርዓት ግንዛቤን ከሁሉም ነገር በፊት አስፈላጊ አድርጎት ነበር።

አውስትራሊያ። እ.ኤ.አ. በ1924 ለፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ግዴታ ሆነ። በ1922 ከ60 በመቶ በታች የነበረው ተሳትፎ በ1925 ከ91 በመቶ በላይ ደረሰ። አንቶኒ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ግዴታው ሠራተኛውን መደብ ወደ ምርጫ በማምጣቱ የሌበር ፓርቲ ድምፅና የጡረታ ወጪ መጨመራቸውን አሳይቷል። በአንጻሩ ዕጩዎችን ሳይለዩ ከላይ ወደ ታች በተራ ቁጥር መስጠት በአገሪቱ «የአህያ ድምፅ» የሚል ስም አግኝቷል።

ብራዚል። ቀደም ሲል መራጩ የዕጩውን ስም ወይም ቁጥር በወረቀት ላይ መጻፍ ስለነበረበት ብዙ ያልተማሩ ሰዎች ድምፅ ይበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ40,500 በላይ መራጭ ባላቸው ከተሞች የዕጩውን ፎቶግራፍ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ቶማስ ፉጂዋራ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ የተበላሸ ድምፅ ከ10 በመቶኛ ነጥብ በላይ መቀነሱን፣ መሣሪያው በሰፊው በገባባቸው ግዛቶችም ለጤና የሚመደበው ገንዘብ መጨመሩን፣ ያልተማሩ እናቶች የእርግዝና ክትትል መሻሻሉንና ዝቅተኛ ክብደት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት መቀነሳቸውን አሳይቷል። ይህ ጥናት በትምህርት ዝቅተኛ የሆኑ መራጮች ድምፅ መቆጠሩ ውጤትን ሊያሻሽል እንደሚችል ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ጠንካራው ነው። መራጮቹ የሕክምና ፖሊሲ ተንታኞች አልሆኑም፤ የሚቸግራቸውን ነገር ግን ያውቁ ነበር።

የመረጃ ሙከራዎች። በቤኒን፣ በብራዚል፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በሜክሲኮና በዩጋንዳ ተመራማሪዎች ስለ ተመራጮች አፈጻጸም ለመራጮች መረጃ ሰጥተው ለውጡን ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የጋራ ውጤት በአማካይ ሲታይ መረጃው የሰዎችን ድምፅ እንደ ለወጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ከምርጫው ዋዜማ የሚታደል በራሪ ወረቀት ብዙ ሊጠበቅበት አይገባም።

የመራጮች ትምህርት በኢትዮጵያ

የመራጮች ትምህርት የሥነ ዜጋና የምርጫ ዕውቀትን ለሕዝብ የማድረስ ሥራ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች እንዳይሠሩ በመከልከሉ፣ በዘርፉ የነበሩ ብዙ ማኅበራት ሥራቸውን አቆሙ ወይም ቀየሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ምርጫዎች ሕዝቡ ስለ ምርጫ ይሰማ የነበረው በአብዛኛው ከመንግሥት መዋቅርና ከመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ገደብ አነሣ። በዚያው ዓመት የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ደግሞ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ አግኝተው፣ ከወገንተኝነት ነጻ ሆነው የመራጮችን ትምህርት እንዲሰጡ ፈቀደ።

በሕጉና በአሠራሩ ማንበብ የማይችል መራጭን ለመርዳት የተዘጋጁ መንገዶች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚታተም የምርጫ ምልክት፣ በጣት አሻራ ምልክት የማድረግ ዕድልና መራጩ ራሱ በሚያምነው ሰው የመታገዝ መብት ይገኙበታል። እነዚህ መንገዶች የሥርዓት ግንዛቤን ክፍተት ይሞላሉ። የአማራጭ ግንዛቤን ግን ሊሞሉ አይችሉም፤ እሱ በፓርቲዎች ክርክር፣ በሬዲዮና ዕጩው ቀበሌ ድረስ ወርዶ በሚጠየቅበት ስብሰባ የሚገኝ ነው።

ግምገማ

ከላይ ከተዘረዘሩት ልምዶች አንጻር ክርክሩ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም፤ የሚከተሉት ነጥቦች ግን ሰፊ ድጋፍ አላቸው።

መቀስቀስ ብቻውን ውጤትን አያሻሽልም። የ1979፣ የ2002 እና የ2007 ዓ.ም. ከፍተኛ የተሳትፎ ቁጥሮች መራጩ ለይቶ እንዲመርጥ ያስቻሉ ስለመሆናቸው በራሳቸው ማስረጃ አይሆኑም።

ግንዛቤ የለውም የተባለውን ማግለልም ውጤትን አያሻሽልም። የብራዚል ልምድ እንደሚያሳየው ከምርጫ የወጣ ሰው ችግርም ከበጀት ይወጣል። በ1923 ዓ.ም. ሕዝቡ እስኪበቃ ይጠበቅ መባሉ ሕዝቡን በራሱ አላበቃውም፤ የመምረጥ ልምድ የሚገኘው በመምረጥ ነውና።

የመራጭ ግንዛቤ የሰውየው ባሕርይ ብቻ ሳይሆን የምርጫው ባሕርይም ነው። በ1992 እና በ1997 ዓ.ም. መካከል የኢትዮጵያ ገበሬ የትምህርት ደረጃ በእጅጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሰማው ክርክርና የቀረበለት አማራጭ ነው። ለሸሕዲ የሰሊጥ አምራችም ሆነ ከደጋ ለወረደው ሠራተኛ፣ መቀስቀሱ ፍሬ የሚያፈራው የመመዝገቢያውን ጊዜና ቦታ ሲያውቅ፣ ዕጩውን ፊት ለፊት መጠየቅ ሲችል፣ ድምፁ ምስጢር ሆኖ ሲቆጠርና ላለመምረጥ ቢወስንም የሚደርስበት ነገር እንደሌለ ሲያምን ነው።